የመሬት መስመጥ ካርታ ብቻውን አይነበብም፤ የጉድጓዱ ቆጣሪ አብሮ ይቅረብ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ ከተሞች ውሃ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው እጥረቱ ነው፤ ስንት ጉድጓድ ተቆፈረ፣ በሰከንድ ስንት ሊትር ተገኘ፣ ለስንት ሰው ይበቃል። ውሃው ከሥሩ የወጣበት መሬት ዝቅ እንደሚል፣ ዝቅታውም ከሰማይ በሚሊ ሜትር ደረጃ እንደሚለካ ግን እምብዛም አይነገርም። ሲነገርም በቀለም ያሸበረቀ የሳተላይት ካርታ ይወጣና «ቀዩ ቦታ እየሰመጠ ነው፣ አረንጓዴው ደህና ነው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ አነባበብ ያሳስታል። ብዙ ጊዜ ቧንቧ የሚበጠሰው ከቀዩ መሐል ሳይሆን ቀዩና አረንጓዴው ከሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ነው። በመሬት ልኬትና በከርሰ ምድር ውሃ ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች ይህን ደብዳቤ የጻፍነው ካርታው እንዴት እንደሚሠራ፣ የት የት እንደሚያታልልና ከምን ጋር ተዳምሮ መነበብ እንዳለበት ለማስረዳት ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከመሬቱ እንነሳ። ብዙ ከተሞች የተቆረቆሩት ወንዝ ወይም ሐይቅ ደለል ባነጠፈበት ሜዳ ላይ ነው። ሥሩ ሲታይ አሸዋና ጠጠር ከወፍራም የሸክላ አፈር ጋር ተፈራርቀው ተነጥፈዋል። ጉድጓዱ ውሃ የሚስበው ከአሸዋውና ከጠጠሩ ነው፤ የሚጨመቀው ግን በአብዛኛው ሸክላው ነው። ከላይ ያለውን አፈርና ሕንፃ የሚሸከሙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው የአፈሩ ቅንጣት፣ ሁለተኛው በቅንጣቶቹ መሐል ያለው ውሃ ግፊት። ውሃው ግፊቱን ባጣ ቁጥር እሱ ይሸከም የነበረው በቅንጣቶቹ ላይ ይወድቃል። ካርል ተርዛጊ በ1920ዎቹ ያስቀመጠውና የአፈር ምህንድስና የቆመበት መርህ ይኸው ነው። ስሌቱ ከባድ አይደለም፤ የውሃው ግፊት በ10 ሜትር ከፍታ ልክ ሲወርድ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ወደ 10 ቶን የሚጠጋ ተጨማሪ ጫና ይመጣል። አንድም ሕንፃ ሳይሠራ ሜዳውን ሁሉ በባለ አሥር ፎቅ እንደመሸፈን ያለ ጫና ነው።

አሸዋና ጠጠር ይህን ጫና ሲቀበል ትንሽ ይጨመቃል፤ ውሃው ሲመለስም መልሶ ይነሳል። ሸክላ እንዲህ አይደለም። ቀድሞ ደርሶበት የማያውቅ ጫና ካረፈበት እንደ ቅጠል የሳሱት ቅንጣቶቹ ተነባብረው ይተኛሉ፣ በመሐላቸው የነበረው ክፍተት ይዘጋል። ከዚያ በኋላ ዝናብ በልኩ ቢዘንብ፣ ፓምፑ ሁሉ ቢቆም መሬቱ ወደ ነበረበት አይመለስም። የተዘጋው ክፍተት ውሃ ይዞ የነበረ ቦታ ስለሆነ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር መሬት 10 ሳንቲ ሜትር ሰመጠ ማለት 100,000 ሜትር ኩብ ውሃ የሚይዝ ማጠራቀሚያ ለዘለቄታው ጠፋ ማለት ነው።

ሌላው የሸክላ ጠባይ መዘግየቱ ነው። ውሃውን የሚለቀው በዝግታ ነው፤ የሚፈጀው ጊዜ ደግሞ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም። ንብርብሩ በእጥፍ ሲወፍር ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ወፍራም ሸክላ ያለበት ከተማ ፓምፑን ካቆመ በኋላም ለዓመታት፣ አንዳንዱም ለአሥርት ዓመታት መስመጡን ሊቀጥል ይችላል። ዛሬ የሚታየው ዝቅታ ከብዙ ዓመት በፊት የወጣ ውሃ ዕዳ ሊሆን ይችላል። ይህን ያላወቀ አስተዳዳሪ «ጉድጓዱን ዘግተን ምንም አልተለወጠም» ብሎ መልሶ ይከፍተዋል።

አሁን ካርታው ወደሚሠራበት መሣሪያ፣ ወደ ሳተላይት ራዳሩ። ለዚህ ሥራ በብዛት የሚውለው የአውሮፓ ኅዋ ድርጅት ሴንቲኔል-1 የተባለው የራዳር ሳተላይቶች ቡድን ነው። የመጀመሪያው በ2014 ወደ ኅዋ ተመነጠቀ፣ ሁለተኛው በ2016 ተከተለ። ይህ ሁለተኛው በ2021 መጨረሻ በኃይል አቅርቦት ብልሽት ሥራ ሲያቆም ሴንቲኔል-1ሲ በ2024 መገባደጃ ወጣ። 693 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ በየ12 ቀኑ በዚያው መስመር ያልፋል፤ ሁለት ሳተላይቶች ጥንድ ሆነው ሲሠሩ በየ6 ቀኑ። በአንድ ማለፍ 250 ኪሎ ሜትር ስፋት ያያል፣ 5 በ20 ሜትር የሚሆነውንም ቦታ ለይቶ ያነሳል። የራሱን ሞገድ ስለሚልክ ሌሊት፣ የሞገዱ ርዝመት 5.6 ሳንቲ ሜትር ስለሆነም ደመና አያግደውም። መረጃው በነፃ ይገኛል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተከማችቷል። መሬቱ እየሰመጠ መሆኑን ዛሬ የጠረጠረ ከተማ ወደ ኋላ ተመልሶ ከ2014 ጀምሮ ያለውን መመርመር ይችላል። ከዚያም በፊት የነበሩት የድርጅቱ ራዳሮች ያነሷቸው ምስሎች እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ ይወስዱናል። ሌላ የትኛውም የመሬት መለኪያ እንዲህ ያለ የኋሊት ዕድል አይሰጥም።

ልኬቱ የሚሠራው እንዲህ ነው። ሳተላይቱ የላከው ሞገድ ከጣራ፣ ከአጥር ብረት፣ ከድንጋይ ግንብ ነጥሮ ሲመለስ ዑደቱ የቱ ጋ እንደነበረ ይመዘገባል። ከ12 ቀን በኋላ ያ ጣራ 1 ሳንቲ ሜትር ከሳተላይቱ ከራቀ፣ ሞገዱ ለደርሶ መልሱ 2 ሳንቲ ሜትር ይጨምርበታል፤ የሚመዘገበው የዑደት ቦታም ይለወጣል። አንድ ሙሉ ዑደት የሚሞላው ነጥቡ 2.8 ሳንቲ ሜትር ከሳተላይቱ ሲርቅ ነው። የሁለት ቀኖች ልዩነት በምስል ሲወጣ ኢንተርፈሮግራም ይባላል፣ ዘዴው በአጭሩ ኢንሳር። እርሻና ሣር ላይ ቅጠሉ ስለሚንቀሳቀስ ምልክቱ ይበጣጠሳል። ከተማ ግን ለዚህ ዘዴ የተመቸ ነው፤ ግድግዳው፣ የብረት ምሰሶው፣ የጣራው ማዕዘን ለዓመታት ያንኑ ምላሽ ይሰጣል። የሚላኖ ፖሊቴክኒክ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ ያዳበሩት ዘዴ እነዚህን ቋሚ ነጥቦች ብቻ ለይቶ ዓመታትን የሚከተል ነው። የብዙ ዓመታት ምስሎች ሲኖሩ የአንድ ነጥብ ፍጥነት በዓመት እስከ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ባለ ጥራት ይወጣል። የአንድ ቀን ነጠላ ልኬት ግን በብዙ ሚሊ ሜትር ሊስት ስለሚችል በአንድ ጥንድ ምስል ብቻ ፍርድ መስጠት አይገባም።

ሥራው የሚበላሸው እዚህ ግባ በማይባሉ ቦታዎች ነው። በመጀመሪያ አንድ መስመርና አንድ የእይታ አቅጣጫ ተመርጦ ሳይቋረጥ ምስሎች ይሰበሰባሉ፤ ቋሚ ነጥቦችን ለመለየት ከ20 እስከ 25 ምስል ዝቅተኛው ነው፣ እኛ የምንመክረው ቢያንስ ሁለት ሙሉ ዓመት ነው፤ የበጋና የክረምት ዑደት ሁለት ጊዜ ካልታየ ወቅታዊው መዋዠቅና ዘላቂው መስመጥ አይለዩም። የሳተላይቱ ትክክለኛ የምሕዋር መረጃ የሚወጣው ምስሉ ከተነሳ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ ቸኩሎ በጊዜያዊው ምሕዋር መሥራት በካርታው ላይ ከዳር እስከ ዳር የሚሄድ ሐሰተኛ ዘንበልታ ያመጣል። ቀጥሎ ምስሎቹ አንዱ በሌላው ላይ ይደረባሉ። ሴንቲኔል-1 መሬቱን ቁራጭ በቁራጭ እየጠራረገ ስለሚያነሳ መደራረቡ በበረራው አቅጣጫ እስከ አንድ ሺህኛ ፒክስል መድረስ አለበት፤ ከ14 ሜትር ፒክስል ላይ 1.4 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ይህ ካልተሟላ በቁራጮቹ መጋጠሚያ ላይ ቀለሙ በቀጥታ መስመር ይዘላል። ካርታ ላይ በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ያለ የቀለም ጠርዝ ያየ ሰው መሬት ተሰነጠቀ ብሎ ከመደንገጡ በፊት ይህን ይጠይቅ።

ከዚያ የተራራውና የሸለቆው ከፍታ ያመጣው ልዩነት በከፍታ ካርታ ተሰልቶ ይቀነሳል። ቀጥሎ ከሁሉ የሚከብደው ዑደት ቆጠራ ይመጣል። ራዳሩ የሚነግረን የዑደቱን ትራፊ ብቻ ነው፤ ስንት ሙሉ ዑደት እንዳለፈ አይነግረንም። የሰዓት ጣቱ ወልቆ የደቂቃ ጣቱ ብቻ የቀረ የግድግዳ ሰዓት አስቡ። ሶፍትዌሩ ሙሉ ዑደቶቹን የሚገምተው ከጎረቤት ነጥብ እየተነሳ ነው፤ በወንዝ፣ በመናፈሻ ወይም በባዶ ሜዳ የተነጠለ ሰፈር ላይ ሲደርስ አንድ ዑደት ሊዘል ይችላል። ያኔ ሙሉው ሰፈር በካርታው ላይ በአንድ ጊዜ 2.8 ሳንቲ ሜትር የሰመጠ ወይም የተነሳ ይመስላል። መፈተኛው ቀላል ነው። የሦስት ቀን ምስሎችን ወስዶ አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው፣ አንደኛውን ከሦስተኛው ማጣመር፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ድምር ሦስተኛውን ካልሰጠና ልዩነቱ የሙሉ ዑደት ብዜት ከሆነ ቆጠራው ተሳስቷል። ይህን ፈተና አልፏል ወይ ብሎ መጠየቅ የካርታው ገዢ መብት ነው።

አየሩም አለ። እርጥበት ሞገዱን ያዘገየዋል፤ በሁለት ቀኖች መሐል የእርጥበት ልዩነት ሲሰፋ ብዙ ሳንቲ ሜትር የሚያህል ሐሰተኛ እንቅስቃሴ ይፈጠራል። ነጎድጓዳማ ደመና ያለበት ቀን የተነሳ ምስል በአንድ ሰፈር ላይ ክብ ጉድጓድ ያለ አስመስሎ ያሳያል። መድኃኒቱ ብዛት ነው፤ አየር ከቀን ቀን በዘፈቀደ ይለዋወጣል፣ መስመጥ ግን ይቀጥላል፣ ስለዚህ ብዙ ምስል ሲደመር አየሩ እየሳሳ ይሄዳል። ከተማው በተራራ ግርጌ ላይ ከሆነ ግን ከፍታን ተከትሎ የሚመጣው የእርጥበት ልዩነት ወቅት ጠብቆ ስለሚመላለስ በብዛት ብቻ አይጠፋም፤ የአየር ትንበያ ሞዴሎችን በመጠቀም ለብቻው መቀነስ አለበት።

የማነጻጸሪያ ነጥቡ ጉዳይ ከዚህ ሁሉ የበለጠ ያሳስበናል። ኢንሳር የሚለካው አንዱ ነጥብ ከሌላው አንጻር ምን ያህል እንደተንቀሳቀሰ ነው። ዜሮ ተብሎ የተመረጠው ነጥብ ራሱ በዓመት 20 ሚሊ ሜትር የሚሰምጥ ከሆነ ከተማው ሁሉ በ20 ሚሊ ሜትር ከፍ ይላል፤ 20 የሚሰምጠው ሰፈር «ያልተንቀሳቀሰ» ይባላል፣ ጽኑው አለት ደግሞ የሚያብጥ ይመስላል። አንዳንድ ሶፍትዌር ነጥቡን ሳይጠይቅ በራሱ ይመርጣል፤ ምልክቱ ስለጠራ ብቻ መሐል ከተማ ላይ ያርፋል። ማነጻጸሪያው ከደለሉ ውጭ፣ አለት ላይ፣ ቢቻል ቋሚ የጂፒኤስ ጣቢያ አጠገብ መሆን አለበት። ጂፒኤሱም ቢያንስ ሁለት ዓመት ተኩል ሳያቋርጥ ከሠራ በኋላ ነው የቁልቁል ፍጥነቱ የሚታመነው።

ራዳሩ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ጎን እንደሚያይም መታወቅ አለበት። የሴንቲኔል-1 እይታ ከቁልቁሉ ከ29 እስከ 46 ዲግሪ ያዘነበለ ነው። 39 ዲግሪ ላይ ራዳሩ 10 ሚሊ ሜትር ካነበበ፣ እንቅስቃሴው ቁልቁል ብቻ ከሆነ ትክክለኛው ዝቅታ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ነገር ግን በሰመጠ ሜዳ ዳርቻ መሬቱ ወደ መሐሉ ይጎተታልና የጎንዮሽ እንቅስቃሴም ይቀላቀላል። ሳተላይቱ ወደ ሰሜን ሲበርና ወደ ደቡብ ሲበር ያነሳቸው ሁለት ስብስቦች ተጣምረው ሲሰሉ የቁልቁሉና የምሥራቅ ምዕራቡ ይለያያሉ። የሰሜን ደቡቡን እንቅስቃሴ ግን ይህ ራዳር የሚያየው ሊታመን በማይችል ደረጃ አሳንሶ ነው።

መስመጡ በጣም ሲፈጥን ደግሞ ራዳሩ ዝቅ አድርጎ ይናገራል። በሁለት ተከታታይ ምስሎች መሐል ጎረቤታሞች ነጥቦች ከሩብ ሞገድ፣ ማለትም ከ1.4 ሳንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ቆጠራው አቅጣጫ ይስታል። በየ12 ቀኑ ከተነሳ ይህ በዓመት 42 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ምስል ከጎደለ በዚያ ክፍተት ወደ 21 ይወርዳል። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ በዓመት ወደ 50 ሳንቲ ሜትር የሚሰምጡ ሰፈሮች አሉ። በደቡብ ምዕራብ ቴህራን ሜዳም በዓመት ከ20 ሳንቲ ሜትር በላይ ተለክቷል። እንዲህ ያለ ቦታ ምስል መዝለል አይቻልም፤ ወይም ሞገዱ ረጅም የሆነ ራዳር ያስፈልጋል። ናሳና የህንድ የኅዋ ምርምር ድርጅት በ2025 ያመጠቁት ኒሳር 24 ሳንቲ ሜትር ሞገድ ስላለው ለዚህም፣ ዛፍ ለበዛበት ሰፈርም ይሻላል።

አሁን ወደ አረንጓዴው ቀለም እንመለስ። ትልልቅ ሕንፃዎች ከሸክላው አልፎ እስከ ጽኑው ንብርብር በሚወርድ ፓይል (ረጅም የመሠረት ምሰሶ) ላይ ይቆማሉ። በዙሪያቸው ያለው መሬት ሲሰምጥ እነሱ ባሉበት ይቀራሉ። ራዳሩ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ የሚያየው የእነዚህን ሕንፃዎች ጣራና ማዕዘን ነው። ስለዚህ መሐል ከተማው አረንጓዴ ይሆናል፤ መሬቱ ግን ከሥሩ እየሸሸ ነው። ምልክቱ በቅርብ ሲታይ አይሰወርም። የመግቢያው ደረጃ ከመሬቱ ጋር የነበረው መጋጠሚያ ይላቀቃል፣ በግንቡና በእግረኛ መንገዱ መሐል እጅ የሚያስገባ ክፍተት ይፈጠራል፣ ግድግዳውን በስቶ የሚገባው የውሃ ቧንቧ ክርኑ ላይ ይታጠፋል። የድሮ ጥልቅ ጉድጓድም እንዲሁ ነው፤ የብረት ቱቦው እግር ከታች ጽኑ ቦታ ላይ ስለቆመ በዙሪያው የፈሰሰው ኮንክሪት ወርዶ ቱቦው ብቻ ከዓመት ዓመት ወደ ላይ የሚያድግ ይመስላል። በሜክሲኮ ሲቲ በ1910 የተመረቀው የነፃነት መልአክ ሐውልት ዙሪያው መሬት በመውረዱ ወደ እሱ መውጫ 14 ደረጃዎች ተጨምረውለታል።

ስለዚህ ነጥቦቹ በከፍታ ተለይተው መነበብ አለባቸው፤ የመብራት ምሰሶ፣ የመንገድ ጠርዝና አጭር አጥር ለብቻ፣ ጣራ ለብቻ። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሴንቲኔል-1 ምሕዋር በጣም ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ስለሚሄድ የነጥቡን ከፍታና ቦታ ሲገምት በሜትሮች ይስታል፤ «ይህ ነጥብ የዚያ ሕንፃ ነው» ለማለት 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሞገድ ያላቸው እንደ ቴራሳር-ኤክስ ያሉ ዝርዝር ራዳሮች ይሻላሉ። መሬቱ ባለበት ቆሞ አንድ ሕንፃ ብቻውን የሚሰምጥ ከሆነ በራሱ ክብደት ነው፤ ጉድጓድ አይከሰስበትም። 50 ሜትር ከፍታ ያለው የኮንክሪት ሕንፃ በ20 ዲግሪ የሙቀት ልዩነት 12 ሚሊ ሜትር ያህል ይለጠጣል፤ ይህ በየዓመቱ የሚመላለስ ሞገድ የውሃው ወቅታዊ መዋዠቅ ተደርጎ ሲወሰድ አይተናል።

ጉዳት የሚያደርሰውም ከጥልቀቱ ይልቅ ልዩነቱ ነው። ሰፈር ሙሉ አንድ ላይ በዓመት 50 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ሕንፃው ላይሰነጠቅ ይችላል። 100 ሜትር በሚራራቁ ሁለት ነጥቦች አንዱ በዓመት 30፣ ሌላው 5 ሚሊ ሜትር ከሰመጠ ግን በ8 ዓመት 200 ሚሊ ሜትር ልዩነት ይመጣል፤ ይህ ከርቀቱ አንድ አምስት መቶኛ ነው፣ መሐንዲሶች ግድግዳ እንዳይሰነጠቅ ከዚህ አትለፉ የሚሉት መጠን። በስበት ኃይል የሚፈስ የፍሳሽ መስመርም በሜትር 3 ሚሊ ሜትር ተዳፋት ቢኖረው በ100 ሜትር 300 ሚሊ ሜትር ነው፤ ያው የ25 ሚሊ ሜትር የዓመት ልዩነት በተቃራኒው ከሆነ በ12 ዓመት መስመሩ ይጋደማል፣ ከዚያም ፍሳሹ ወደ ኋላ ይመለሳል። የሜክሲኮ ሲቲ ትልቁ የፍሳሽ ቦይ በ1900 ሲከፈት በራሱ ይፈስ ነበር፤ መሬቱ ሲሰምጥ ተዳፋቱን አጥቶ ፓምፕ አስፈለገው። የፍጥነት ካርታ የተረከበ ከተማ ከዚያው መረጃ ሁለተኛ ካርታ፣ የልዩነት ካርታ እንዲሠራለት ይጠይቅ። ዋናውን የውሃ መስመር፣ የፍሳሹን፣ የጋዙንና የባቡር ሐዲዱን ከላዩ ያስቀምጥ። ደለሉ አለቱን በሚነካበት፣ የሸክላው ውፍረት ባንድ ጊዜ በሚለወጥበት ቦታ መስመሮቹ ያበራሉ፤ የመሬት ስንጥቅ የሚወጣውም እዚያው ነው።

እስከ አሁን ያልነው ሁሉ መሬቱ የት፣ መቼና በምን ፍጥነት እንደሰመጠ ይናገራል። ለምን እንደሰመጠ ግን ራዳር አይናገርም። አዲስ የተሞላ አፈር ይሰምጣል፣ ዋሻ የተቆፈረበት ይሰምጣል፣ ረግረግ የደረቀበትም ይሰምጣል። የውሃ ጉዳይ መሆኑ የሚረጋገጠው ከጉድጓዱ መዝገብ ጋር ሲጋጠም ነው። የእኛ ዋና አቤቱታም እዚህ ላይ ነው፤ ምስሉ ከኅዋ በነፃ እየመጣ፣ ከእግራችን ሥር ያለው ፓምፕ በወር ስንት እንደሚያወጣ የማይታወቅባቸው ከተሞች ብዙ ናቸው። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ የሚፈለገው ጥቂት ነው፤ ትክክለኛ ቦታው፣ ጥልቀቱ፣ ወንፊቱ (ውሃ የሚገባበት የቱቦው ክፍል) ከስንት እስከ ስንት ሜትር እንደተቀመጠ፣ ወርሃዊ የቆጣሪ ንባብ፣ ፓምፑ ቆሞ ውሃው ከተረጋጋ በኋላ የተለካ የውሃ ከፍታ። የመጨረሻው ሁልጊዜ ይዘነጋል። ፓምፑ እየሠራ የተለካ ከፍታ የጉድጓዱን ድካም እንጂ የንብርብሩን ግፊት አያሳይም። ከሚመረትባቸው ጉድጓዶች ሌላ ፓምፕ የሌላቸው የመመልከቻ ጉድጓዶች፣ በተለያየ ጥልቀት፣ ቢያንስ በሚሰምጠው ሰፈር መሐልና ጠርዝ ላይ ይኑሩ።

ሁለቱ ሲጋጠሙ ንግግሩ ይጀምራል። ለምሳሌ ውሃው በዓመት 2 ሜትር ወርዶ መሬቱ 30 ሚሊ ሜትር ከሰመጠ በአንድ ሜትር 15 ሚሊ ሜትር ነው። በቀጣዩ ዓመት ውሃው ሳይወርድ መሬቱ 20 ሚሊ ሜትር ከሰመጠ የዘገየ ሸክላ አለ ማለት ነው፤ ፓምፕ መቀነሱ ትክክል ነው፣ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። ውሃው በክረምት ሲነሳ መሬቱም ከተነሳ፣ በበጋ ከወረደው ምን ያህሉ እንደተመለሰ ይሰላ፤ ያልተመለሰው ለዘለቄታው የጠፋው ነው። የትኛው ጥልቀት እንደሚጨመቅ ማወቅ የሚቻለው ደግሞ በኤክስቴንሶሜትር ብቻ ነው፤ በጥልቅ ጉድጓድ ግርጌ የታሰረ ዘንግ አናቱ ላይ ከመሬቱ ጋር ያለውን ልዩነት ይለካል። 100 ሜትር ላይ የታሰረው ዘንግ 5 ሚሊ ሜትር ሲያሳይ ራዳሩ 30 ካሳየ፣ 25ቱ ከ100 ሜትር በታች ነው፤ ጥልቀት የሌላቸውን የግቢ ጉድጓዶች መዝጋት ችግሩን አይፈታውም።

የተሳካላቸው ከተሞች አሉ። ቶኪዮ በ1956 እና በ1962 በወጡ ሕጎች የኢንዱስትሪና የሕንፃዎችን ፓምፕ ገደበ፤ በአንዳንድ ቦታ ከ4 ሜትር በላይ የደረሰው መስመጥ በ1970ዎቹ ጋብ አለ። በካሊፎርኒያ የሳንታ ክላራ ሸለቆ 4 ሜትር ገደማ ከሰመጠ በኋላ ከሌላ ቦታ ውሃ በማስመጣትና ከርሰ ምድሩን በመሙላት በ1969 ገደማ ቆሟል። ባንኮክ በ1977 በወጣው የከርሰ ምድር ውሃ ሕግና በኋላ በተጣለ ክፍያ ፍጥነቱን ቀንሷል። ክትትሉ ግን መስመጡ ሲቆም አያበቃም። በቶኪዮ ውሃው መልሶ ሲነሳ፣ ውሃው ዝቅ ባለበት ዘመን የተነደፉ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያዎችን ወደ ላይ ይገፋ ጀመር፤ መልሕቅና ተጨማሪ ክብደት አስፈልጓል። ራዳሩ የመሬቱን ማበጥም እንደ መስመጡ ያያልና ከተማ ፓምፕ በዘጋ ማግሥት ክትትሉን ማቋረጥ የለበትም።

ሥራውን የሚያሠራ አካል ውል ሲጽፍ ባለቀለም ምስል ብቻ አይቀበል። የእያንዳንዱ ነጥብ ሙሉ የጊዜ ተከታታይ ልኬት፣ የጥራት መለኪያው፣ የተገመተ ከፍታው፣ የማነጻጸሪያው ነጥብ ቦታና የተመረጠበት ምክንያት በፋይል ይካተት። ሁለቱም የእይታ አቅጣጫዎች ይሠሩ። ቋሚ ጂፒኤስ ቢያንስ አንዱ አለት ላይ፣ ሌሎቹ በሚሰምጠው ውስጥ ይተከሉ። ነጥብ በሌለበት ባዶ ቦታ ላይ ሰው ሠራሽ አንጸባራቂ ይቁም፤ ጎናቸው ከ1 እስከ 1.5 ሜትር የሆኑ ሦስት የአሉሚኒየም ሰሌዳዎች በ90 ዲግሪ ማዕዘን ተጋጥመው ወደ ሳተላይቱ ያጎነበሱ። ከግርጌው ቀዳዳ ይኑረው፤ ዝናብና ቅጠል ከሞላው ምልክቱ ይሞታል። መሠረቱም ከሕንፃ ጋር ሳይሆን መሬቱ ላይ ለብቻው ይሁን፤ የምንፈልገው የመሬቱን ዜና ነው።

ለጋዜጣችሁም ጥያቄ አለን። እንዲህ ያለ ካርታ ስታትሙ ከግርጌው አራት ነገር እንዲጻፍ ባለሙያውን አስገድዱ፤ ምስሎቹ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደተነሱና ስንት እንደሆኑ፣ ቁጥሩ የቁልቁል ነው ወይስ የራዳሩ የጎን እይታ፣ ዜሮ የተባለው ነጥብ የት እንዳለና በምን እንደተረጋገጠ፣ በዚያው ጊዜ በሰፈሩ ጉድጓዶች የውሃው ከፍታ በስንት ሜትር እንደወረደ። አራተኛው ባዶ ከሆነ ባዶነቱም ይታተም፤ አንባቢ ለማን ጥያቄ ማቅረብ እንዳለበት ያውቃል።

ከአክብሮት ጋር
በመሬት ልኬትና በከርሰ ምድር ውሃ ሥራ ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች